በመኪናውና በቻርጀሩ መካከል

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ የግል ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ሁለት ፈጣን ቻርጀሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። የግራው ኬብል ጂቢቲ የሚባለው፣ ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የሚቀበሉት ነው። የቀኙ ሲሲኤስ 2 ነው፤ አውሮፓና የባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚገለገሉበት። ከግራው ፊት ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሷል። የቀኙ ኬብል ግን ማንጠልጠያው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ እሱን የሚፈልግ መኪና በግቢው ውስጥ የለም።

ነጭ ቮልስዋገን አይዲ 4 የያዙ አንድ ጎልማሳ የራይድ ሹፌር ከሰልፉ ወጥተው ወደ ቀኙ ቻርጀር ተጠጉ። የጣቢያው ሠራተኛ ሮጥ ብሎ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ለእርስዎ መኪና አይገባም።»

«አዳፕተር አለኝ፣ የኔ ልጅ።»

የመኪናውን የኋላ በር ከፍተው ጥቁር፣ ለእጅ ከበድ የሚል ሣጥን አወጡ። አንደኛው ጫፉ የሲሲኤስ 2ን ኬብል ይቀበላል፤ ሌላው ጫፉ ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ክብ የጂቢቲ መሰኪያ ነው። ኬብሉን ሣጥኑ ላይ፣ ሣጥኑን መኪናው ላይ ሰክተው በስልካቸው ከፈሉና ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ግንኙነቱ እንዳልተሳካ ጻፈ። ነቅለው ደገሙት፤ ያው ሆነ። ሣጥኑን ገልበጥ አድርገው ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት አዩ። ጠፍታለች።

«ባትሪዋ አልቋል» አሉና ከመኪናቸው የስልክ ቻርጀር ገመድ አምጥተው ሣጥኑ ላይ ሰኩ።

ከሰልፈኞቹ አንዱ ጠጋ ብሎ «አዳፕተሩም ቻርጅ ይፈልጋል እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

ይፈልጋል። ለምን እንደሚፈልግ ማወቅ ደግሞ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ለያዘ ሰው ገንዘቡንም መኪናውንም ይመለከታል።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ የተሰማው በጥር 2016 ነው። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ቻይና ውስጥ፣ ለቻይና ገዢ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ቢዋይዲውም፣ ቶዮታ ቢዜድ 4ኤክሱም፣ የጀርመን ስም የያዙት አይዲ 4 እና አይዲ 6ም እንዲሁ። የጀርመን ስም ስለያዙ የጀርመን መሰኪያ ያላቸው የሚመስለው ገዢ ጥቂት አይደለም። የላይኛው አርማ የየትም አገር ይሁን፣ መኪናው የሚቀበለውን ኬብል የሚወስነው የተሠራለት ገበያ ነው። በሌላ በኩል ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤ የመጡት መኪኖች ሲሲኤስ 2 ይዘው ገብተዋል። ጣቢያ የሚከፍተውም ባለሀብት ከአቅራቢው ያገኘውን ቻርጀር ተክሏል። አሁን አንድ ከተማ ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ዓይነት ኬብልና ሁለት ዓይነት መኪና እየተፈላለጉ የሚተላለፉት ለዚህ ነው።

ብዙ ባለ መኪና ይህን ችግር ለወራት ሳያውቀው ሊቆይ ይችላል፤ ምክንያቱም ቤቱ ነው የሚሞላው። በ220 ቮልት 16 አምፒር የሚስብ የቤት ቻርጀር 3.5 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ፍጥነት ከባዶ እስኪሞላ 17 ሰዓት ይፈጃል፤ ማታ ተሰክቶ ለሚያድርና በቀን 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ግን ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ የሚገለጠው ወደ 275 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ሐዋሳ ለመሄድ የተነሡ ዕለት፣ ወይም ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ያደረ ጠዋት፣ ወይም እንደ ራይድ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ሲዞሩ ውለው እኩለ ቀን ላይ ባትሪው 20 በመቶ ሲደርስ ነው።

ቤት ውስጥ የሚገባው ተለዋዋጭ ጅረት ነው፤ ወደ ቀጥተኛ ጅረት የሚቀይረው መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀር ነው። እዚህ ላይ አዳፕተር ቀላል ነገር ነው። የቻይናና የአውሮፓ የቤት መሰኪያዎች ቅርጻቸው አንድ ሆኖ በአንዱ ወንድ የሆነው በሌላው ሴት ነው። ምልክታቸውም ትንሽ ይለያያል፤ ይሁን እንጂ የሚያልፈው ጅረት አነስተኛ ስለሆነ ጥራት ያለው ማገናኛ ሥራውን ያለ ብዙ ጣጣ ይሠራል። ፈጣኑ ቻርጀር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የመኪናውን የውስጥ ቻርጀር አልፎ ቀጥተኛ ጅረቱን በቀጥታ ወደ ባትሪው ይገፋል። ባትሪው ምን ያህል ቮልት እንደሚችል፣ ምን ያህል እንደሞቀ፣ መቼ መቀነስ እንዳለበት የሚያውቀው መኪናው ብቻ ስለሆነ፣ ቻርጀሩ ከመኪናው ትእዛዝ እየተቀበለ ነው የሚሠራው። መኪናውና ቻርጀሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ መነጋገር አለባቸው።

የሚነጋገሩበት ቋንቋ ግን አንድ አይደለም። በጂቢቲ ንግግሩ የሚተላለፈው በሁለት ለብቻቸው በተመደቡ ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ካን በሚባለው ሥርዓት ነው። የመኪና ውስጥ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚገናኙበትም ይኸው ሥርዓት ነው። መኪናው በየ50 ሚሊሰከንዱ የሚፈልገውን ቮልትና አምፒር ይናገራል። ሲሲኤስ ደግሞ መልእክቱን በመቆጣጠሪያ ሽቦው ላይ እንደ ሬዲዮ ባለ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያሳፍረዋል፤ ይህ ስልት የመጣው በቤት የመብራት ሽቦ ላይ ኢንተርኔት ለማሳለፍ ከተሠራ ቴክኖሎጂ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የምትገባው ጥቁር ሣጥን እንደ አስተርጓሚ የአንዱን ቃል ሰምታ ለሌላው በራሱ ቋንቋ የምትነግር ሙሉ ኮምፒውተር ናት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የሥነ ሥርዓቱ ቅደም ተከተል ነው። በሲሲኤስ መኪናው የባትሪውን ቮልት ይናገራል፤ ቻርጀሩ ራሱን እዚያ ቮልት ላይ ያደርሳል፤ መኪናው መመሳሰላቸውን ካረጋገጠ በኋላ ነው የራሱን ትልልቅ ማብሪያዎች የሚዘጋው። በጂቢቲ ተገላቢጦሽ ነው፤ መኪናው ቀድሞ ይዘጋል፣ ቻርጀሩ ከኬብሉ ጫፍ ላይ የባትሪውን ቮልት ለክቶ ይስተካከልና የራሱን ይዘጋል። ሁለቱም ወገኖች «አንተ ቅደም» የሚባባሉበት ቦታ ላይ ሣጥኗ ለአንዱ ቻርጀር፣ ለሌላው መኪና መስላ መቅረብ አለባት። የጊዜ ገደቡ በሰከንዶች የሚቆጠር ነው። አንዱ ጣቢያ ላይ በመጀመሪያው ሙከራ የተቀበለ አዳፕተር ሌላው ጣቢያ ላይ ደጋግሞ እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ የቻርጀሮቹ አምራቾች ይህችን ሥነ ሥርዓት የሚያስኬዱበት ፍጥነት ይለያያል። የቻርጀሩ ሶፍትዌር ከሩቅ ሆኖ ሲታደስም ባለፈው ወር ይሠራ የነበረው አዳፕተር ዛሬ ላይገባው ይችላል። ደህናዎቹ አዳፕተሮች የዩኤስቢ ቀዳዳ ያላቸው የራሳቸውን ሶፍትዌር ለማደስ ነው። ሶፍትዌር የማያወጣ አምራች የሸጠው አዳፕተር ከተገዛበት ቀን ጀምሮ እያረጀ ይሄዳል።

የባትሪዋም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የጂቢቲ ቻርጀር ከዋናው ኃይል ሌላ በሁለት ትናንሽ ፒኖች 12 ቮልት ረዳት ኃይል ለመኪናው ይልካል። የሲሲኤስ ቻርጀር ይህ የለውም። ያንን 12 ቮልት ከየትም ማምጣት ያለባት ሣጥኗ ናት፤ ራሷም ከመንቃቷ በፊት ኃይል ያስፈልጋታል። ስለዚህ ውስጧ ትንሽ ባትሪ አለ። ለወራት የመኪና ኋላ ውስጥ የተቀመጠች ከሆነ ባዶ ሆና ትገኛለች።

ግቢው ውስጥ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ትንሿ መብራት አረንጓዴ ሆነች። ሹፌሩ እንደገና ሰኩ። ከመኪናው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ የቻርጀሩ ማራገቢያ ማጓራት ጀመረ፤ ስክሪኑ ላይ አምፒሩ 20፣ 80፣ 140 እያለ ወጥቶ 180 ላይ ቆመ። ሰልፈኛው ሁሉ አየ። ሹፌሩ ግን መኪናቸው ውስጥ ገብተው አልተቀመጡም፤ መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ እንዳሳረፉ ቆሙ።

«እጄን ካቃጠለኝ አቆማለሁ» አሉ።

ልማዱ ጥሩ ነው፤ መዳፍ ግን ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ሙቀቱ የሚፈጠረው ብረት ከብረት በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ መዳፍ የሚነካው ደግሞ ያንን የሸፈነውን ፕላስቲክ ነው። ሒሳቡን እንየው። አንድ መገናኛ ላይ ያለው ተቃውሞ የኦም አንድ ሺኛ ብቻ ቢሆን፣ 250 አምፒር ሲያልፍበት ከ60 ዋት በላይ ሙቀት ይወጣል፤ ያውም ከአውራ ጣት በማይበልጥ ቦታ ላይ። ሙቀቱ ከአምፒሩ ጋር እኩል አይደለም የሚጨምረው፤ አምፒሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ አምፒሩ በግማሽ ሲቀንስም ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ያለ አዳፕተር በእያንዳንዱ መስመር አንድ መገናኛ አለ፤ በአዳፕተር ሁለት ይሆናሉ። አቧራ የገባበት፣ የዛገ ወይም የላላ ፒን ተቃውሞውን በቀላሉ ከፍ ያደርገዋል።

ፈጣን ቻርጀርም መኪናም ይህን ስለሚያውቁ መሰኪያቸው ውስጥ የሙቀት መለኪያ አላቸው፤ ሲግል አምፒሩን ይቀንሳሉ ወይም ያቋርጣሉ። የቻርጀሩ መለኪያ ኬብሉ ጫፍ ላይ ነው፣ የመኪናው ደግሞ መኪናው ላይ። አዳፕተሩ ከሁለቱም ውጭ፣ መሃል ላይ ነው። በውስጡ የራሱ መለኪያ ከሌለው፣ ሆዱ ሲግል ሁለቱም ሳያዩት ሊቀሩ ይችላሉ። አዳፕተር ሊገዛ ለሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት የምነግረው ይህንን ነው፤ ውስጡ ሙቀት ለክቶ ጅረቱን የሚያስቀንስ ወይም የሚያቋርጥ ነገር መኖሩን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ።

አዲስ አበባ ደግሞ የራሷ ነገር አላት። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። ብዙ የቻርጅ መሣሪያዎች ሙሉ አቅማቸውን ይሰጣሉ ተብለው የሚፈረምላቸው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሁለት ነገር ይዳከማል፤ ሙቀት የመውሰድ አቅሙና በከፍተኛ ቮልት መካከል የመከለል አቅሙ። ይህ ማለት አዳፕተር እዚህ አይሠራም ማለት አይደለም። ሣጥኑ ላይ 250 አምፒር ተብሎ የተጻፈው ቁጥር እንጦጦ ሥር ካለ ግቢ ይልቅ ሻንጋይ ላይ የበለጠ እውነት ነው ማለት ነው። ስለዚህ የተጻፈውን ጣሪያ ድረስ አለመግፋት ይሻላል።

ሌላው አደጋ መቆለፊያው ላይ ነው። ግድግዳ ላይ ያለ ተራ ስፒና ሥራ ላይ እያለ ሲነቀል ትንሽ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ የእኛ ተለዋዋጭ ጅረት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብልጭታው ራሱን ያጠፋል። ቀጥተኛ ጅረት ዜሮ የሚባል ነገር አያውቅም። በ400 ቮልትና በ180 አምፒር ላይ ማገናኛ ቢላቀቅ የሚነሣው ነበልባል ክፍተቱ እስኪሰፋ ድረስ ይነድዳል፤ ብረት ያቀልጣል፣ እጅ ያቃጥላል። ለዚህ ነው ቻርጅ ላይ እያለ ኬብሉ መኪናው ላይ የሚቆለፈው። አዳፕተር ሲገባ ግን መኪናው ላይ የሚቆለፈው አዳፕተሩ ነው፤ ኬብሉና አዳፕተሩ የሚገናኙበት ሁለተኛው ቦታ የራሱ መቆለፊያ ያስፈልገዋል። ርካሾቹ ላይ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሠራተኛው ቸኩሎ ኬብሉን ቢስብ የሚያስቆመው ነገር አይኖርም። ደግሞም ሁለት አዳፕተር ቀጣጥሎ መጠቀም በምንም ምክንያት አይሞከርም።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ይህንኑ ነገር በሌላ መልኩ አይተውታል። በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በታክሲና በኡበር ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ አፓርታማ ውስጥ የሚኖርና ቤቱ ቻርጅ ማድረግ የማይችል ሹፌር ደግሞ ኑሮው ከጣቢያ ጋር ነው። እዚያ የነበረው ክፍፍል በቴስላና በሌሎቹ መካከል ነበር። ቴስላ የመሰኪያውን ንድፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 2022 ለሁሉም ክፍት አደረገ፤ በሜይ 2023 ፎርድ፣ በጁን ጄኔራል ሞተርስ፣ ከዚያም ሌሎቹ ተከታትለው ተቀበሉት። አዲሶቹ የቴስላ ጣቢያዎች የሲሲኤስን ቋንቋ ስለሚናገሩ በመሃል የሚገባው አዳፕተር አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ባትሪም ኮምፒውተርም የሌለው፣ ቅርጽ ብቻ የሚቀይር ብረትና ፕላስቲክ ነው።

ይሁንና እዚያም ቅርጽ መግጠሙ መግባባት አይደለም። ሁለተኛው ትውልድ የሚባሉት አሮጌዎቹ የቴስላ ጣቢያዎች የሚናገሩት የቴስላን የድሮ ቋንቋ ብቻ ነው፤ አዳፕተሩ ልክ ይገጥማል፣ የፎርዱ መኪና ግን አይሞላም። በተቃራኒው ቴስላ ራሱ በሌሎች ድርጅቶች ጣቢያ የሚሞላበትን የሲሲኤስ አዳፕተር በሴፕቴምበር 2022 በ250 ዶላር መሸጥ ሲጀምር፣ የቆዩት መኪኖች ከአዳፕተሩ ሌላ ውስጣቸው የሚቀየር ዕቃ አስፈልጓቸዋል። 800 ቮልት ባትሪ ያላቸው እንደ ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ያሉት ደግሞ ሦስተኛው ትውልድ የቴስላ ጣቢያ ላይ ይሞላሉ፤ ጣቢያው ከ500 ቮልት ስለማያልፍ ግን ፍጥነታቸው በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ኬብሉም አጭር ነው፤ መሰኪያው በሌላ ጥግ ያለ መኪና ለመድረስ ሲል የሁለት መኪና ቦታ ይዞ ይቆማል፣ ከጎኑ ያለውም ያጉረመርማል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ለእኛ የሚጠቅመው ታሪክ የፎርድ ነው። ለደንበኞቹ የቴስላ ጣቢያ ከፌብሩዋሪ 29፣ 2024 ጀምሮ ተከፈተላቸው፤ ድርጅቱም አዳፕተር በነጻ ያድል ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከአዳፕተሮቹ የተወሰኑት ከጊዜ በኋላ ፍጥነት ሊቀንሱና የመኪናውን መሰኪያ ሊጎዱ እንደሚችሉ ታወቀ። ፎርድ ደንበኞቹ መጠቀም እንዲያቆሙ ነግሮ ምትክ ላከላቸው። ልብ ይበሉ፤ ጥፋቱ የተገኘው በታወቁ ድርጅቶች ዕቃ ላይ ነው። ማስተካከል የተቻለው ግን የትኛው አዳፕተር በማን እጅ እንዳለ ስለሚታወቅ ነው። አሜሪካ ለአዳፕተሮች ብቻ የተዘጋጀ የደኅንነት መስፈርትም አላት፤ ዩኤል 2252 ይባላል፣ ፈትኖ ያለፈውም ምልክቱን ይለጥፋል።

አዲስ አበባ ላይ አዳፕተሩ የሚገኘው ከሱቅ፣ ከቴሌግራም ሻጭ ወይም ከዱባይና ከጓንዡ በሻንጣ ካመጣ ዘመድ ነው። ነገ አምራቹ እንከን ቢያገኝበት ለማን ይደውላል? ዓለም አቀፉ የቻርጅ መስፈርት አዳፕተር መጠቀም የሚፈቅደው የመኪናው ወይም የቻርጀሩ አምራች ለይቶ ሲያጸድቀው ነው። እኛ ጋ መኪናው ብዙ ጊዜ በአስመጪ እንጂ በአምራቹ ወኪል በኩል የመጣ አይደለም፤ የጣቢያው ባለቤት ደግሞ «በራስዎ ኃላፊነት» ይላል። ፒን ቢቀልጥ መኪናውን ያስመጣው ወደ ጣቢያው፣ ጣቢያው ወደ አዳፕተሩ ሻጭ ይጠቁማል። መኪናው ቆሞ ዕዳው የሚቀረው ልጆቹን በዚያ መኪና በሚያሳድገው ሹፌር ላይ ነው። ይህ ትክክል አይደለም።

አዳፕተርን ማውገዝ አልፈልግም። በዚያች ቅዳሜ ሹፌሩ አርባ ደቂቃ ያህል ሞልተው ወደ ሥራቸው ሲመለሱ፣ ሰልፉ ውስጥ ቆይተው ቢሆን ኖሮ ገና ተራ አይደርሳቸውም ነበር። ጥሩ አዳፕተር በጥንቃቄ ሲያዝ ያገለግላል። በክረምት ከመሰካቱ በፊት ውሃው ይራገፍ፤ አፉ በክዳኑ ይሸፈን፤ ባትሪው በየጊዜው ይሞላ። ሲጨርሱ መጀመሪያ ከስክሪኑ ወይም ከስልኩ ላይ ማቆም፣ አምፒሩ ዜሮ መድረሱን በዓይን ማየት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መንቀል ነው። ፒኖቹ ላይ መጥቆር ወይም የፕላስቲክ መቅለጥ ያየ ሰው ያንን አዳፕተር ለሁለተኛ ቀን አይጠቀምበት፣ ለሌላም አይሽጠው።

ነገር ግን ከተማ ሙሉ በየመኪናው ኋላ ባለ ሣጥን ላይ ተማምኖ ሊጓዝ አይገባውም። ጂቢቲና ሲሲኤስ 2 ኬብል በአንድ ላይ ያላቸው ፈጣን ቻርጀሮች ይመረታሉ፤ ባለሀብቱ ሲያዝዝ የሚመርጠው ነገር ነው። ሁለተኛው ኬብል የሚጨምረው ወጪ በጣቢያው ዕድሜ ላይ ሲካፈል ትንሽ ነው፤ ይህን ሳያደርግ ሲቀር ወጪው ወደ እያንዳንዱ ሹፌር ኪስ ይዞራል፣ ከነአደጋው። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ለአዲስ ጣቢያ ሁለቱንም ኬብል ግዴታ ቢያደርግ፣ ከውጭ የሚገባውም አዳፕተር ሙቀት መለኪያና መቆለፊያ እንዳለው ቢፈተሽ፣ ይህ ሥራ አዲስ ቴክኖሎጂ መፈልሰፍ አይጠይቅም። እስከዚያው ድረስ ጣቢያዎቹ ራሳቸው ዛሬውኑ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ፤ በራቸው ላይና ስልክ ላይ በሚታየው አድራሻቸው የኬብላቸውን ዓይነት፣ የሚሰጡትን ከፍተኛ አምፒርና አዳፕተር መፍቀድ አለመፍቀዳቸውን በግልጽ ይጻፉ። ወደ ሐዋሳ የሚነሣ ሰው ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ሞጆ ደርሶ ሳይሆን ከቤቱ ሳይወጣ ነው።